ገበጣን ከማናውቀው ሰው ጋር ለመጫወት ምን ያስፈልጋል?

እ.ኤ.አ. በ1979 በቶኪዮ ከተማ የመጀመሪያው የዓለም አማተር የጎ ሻምፒዮና ተካሄደ። ጎ ከ2,500 ዓመታት በፊት ጀምሮ በቻይና ሲዘወተር የኖረ፣ ኋላም ወደ ኮሪያና ጃፓን የተስፋፋ የሰሌዳ ጨዋታ ነው። 19 አግድምና 19 ቁልቁል መስመሮች በሚገናኙባቸው 361 ነጥቦች ላይ ሁለት ሰዎች ጥቁርና ነጭ ጠጠሮችን በየተራ እያኖሩ ሰፊ ቦታ ለመክበብ ይፎካከራሉ። ዙሪያውን የተከበበ ጠጠር ከሰሌዳው ይነሣል፤ ከዚህ ሌላ ያለው ደንብ በአንድ ገጽ ወረቀት ተጽፎ ያልቃል። በሻምፒዮናው ከየአገሩ ጨዋታው መተዳደሪያው ያልሆነ አንድ አንድ ተጫዋች ይቀርባል። ብዙዎቹ በቋንቋ አይግባቡም፤ ከዚያ በፊትም ተያይተው አያውቁም። ሆኖም ሰሌዳው ፊት ከተቀመጡ በኋላ «እናንተ ዘንድ እንዴት ነው የሚጫወቱት?» ብሎ የሚጠይቅ የለም።

በእኛ አገር ገበጣ ግን ይህ ጥያቄ የግድ ይጠየቃል። ከታርማበር ከፍታ ተነሥቶ በደብረ ሲና በኩል ቁልቁል የሚወርደው የደሴ መንገድ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ የይፋትን ቆላ ይይዛል። በዚህ አካባቢ የአማራ፣ የአርጎባ፣ የኦሮሞና የአፋር ሕዝቦች በገበያና በግጦሽ ሲገናኙ ኖረዋል፤ የሰንበቴ ገበያ ለዚህ የታወቀ ነው። ገበጣ ለመጫወት እንጨት ጠራቢ መፈለግ አያሻም። በግራር ጥላ ሥር መሬቱን በጣት ጎድጎድ ማድረግና ጠጠር መልቀም ይበቃል። የሚያስቸግረው ደንቡ ነው። በአንድ ወቅት ሸዋ ሮቢት ላይ አንድ አዛውንት ሲጫወቱ አግኝቼ፣ «አባባ፣ የመጨረሻዋ ጠጠር ባዶ ጉድጓድ ብትገባ ምን ይሆናል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ቀና ብለው አዩኝና፣ «ከማን ጋር ስጫወት፣ ልጄ?» አሉኝ።

ይህ መልስ የዋዛ አይደለም። ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 «ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» በተባለው መጽሔት ላይ ስለ ገበጣና መሰል ጨዋታዎች ሰፊ ጥናት አሳትመው ነበር። ጥናቱ በኢትዮጵያና በአፍሪካ ቀንድ ያሉ እጅግ ብዙ የአጨዋወት ዓይነቶችን መዝግቧል። ጉድጓዶቹ በሁለት ረድፍ ወይም በሦስት ረድፍ ይደረደራሉ። ባለ ሦስት ረድፉ ገበጣ ከእኛ ቀጠና ውጪ ብዙም የማይታይ በመሆኑ የተመራማሪዎችን ትኩረት ስቧል። በየሓና በኤርትራ መጠራ የተገኙ በድንጋይ ላይ የተቦረቦሩ ጉድጓዶችና የሸክላ ሰሌዳ ስብርባሪዎች ደግሞ ከ6ኛው እስከ 7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንደሚደርሱ ተገምቷል። በአሁኑ ጊዜ ገበጣ በኢትዮጵያ ባህል ስፖርቶች ፌዴሬሽን ሥር ባለ 12 እና ባለ 18 ጉድጓድ ተብሎ በክልሎች መካከል ውድድር ይደረግበታል። እንግዲህ በአገር ውስጥ አንድ እርምጃ ተሂዷል ማለት ነው። ጎ ከደረሰበት ለመድረስ ምን እንደሚቀርና በዚያ መንገድ ላይ ምን ሊጠፋ እንደሚችል ማየት የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነው።

በቅድሚያ የጨዋታውን ባሕርይ እንመልከት። ተጫዋቹ ከአንድ ጉድጓድ ያሉትን ጠጠሮች በሙሉ አንሥቶ ቀጥለው ላሉት ጉድጓዶች አንዳንድ ያድላል። በብዙ የአገራችን አጨዋወቶች የመጨረሻዋ ጠጠር ባዶ ባልሆነ ጉድጓድ ካረፈች በዚያ ያለውን ሁሉ አንሥቶ ማደሉን ይቀጥላል። ባዶ ጉድጓድ ላይ ካረፈች ግን ተራው ያበቃል። መብላትን ለጊዜው ወደ ጎን ትተን ይህን ብቻ እንሞክር። አንባቢ ወረቀትና 8 ጠጠር ይዞ ቢከተል ይመረጣል።

4 ጉድጓዶችን በክብ ቆፍረን በእያንዳንዳቸው 2 ጠጠር እንጨምር። ከ1ኛው ጉድጓድ 2ቱን አንሥተን ስናድል 0፣ 3፣ 3፣ 2 ይሆናል። የመጨረሻዋ ያረፈችበት 3ኛው ጉድጓድ ባዶ ስላልነበረ በውስጡ ያሉትን 3 አንሥተን ስንቀጥል 1፣ 4፣ 0፣ 3 እናገኛለን። አሁን ተራው የ2ኛው ጉድጓድ ነው። 4ቱን አንሥተን አንድ ሙሉ ዙር ስናድል የመጨረሻዋ ጠጠር ገና ባዶ ባደረግነው በዚያው በ2ኛው ጉድጓድ ታርፋለች፤ ተራውም በ2፣ 1፣ 1፣ 4 ያልቃል። በጠቅላላው ሦስት ጊዜ አነሣን ማለት ነው። ቀጥለን አንዲት ጠጠር ብቻ ከ2ኛው ወደ 4ኛው ጉድጓድ አዛውረን፣ ከ2፣ 1፣ 2፣ 3 እንነሣ። ከ1ኛው ጉድጓድ ስንጀምር 0፣ 2፣ 3፣ 3 ከዚያም 1፣ 3፣ 0፣ 4 ከዚያም 2፣ 0፣ 1፣ 5 ከዚያም 0፣ 1፣ 2፣ 5 በመጨረሻም 1፣ 1፣ 0፣ 6 ይሆናል። አምስት ጊዜ አነሣን፤ ያበቃነውም በሌላ ጉድጓድ ነው፤ የጠጠሮቹም አሰፋፈር የመጀመሪያውን ፈጽሞ አይመስልም።

የፊዚክስ ተማሪዎች ይህን ጠባይ ያውቁታል። ሕጉ ቁርጥ ያለ ነው፤ ዕድል የሚባል ነገር በመካከሉ የለም፤ ዳይም አይጣልም። ሆኖም በመነሻው ላይ የሚደረግ ጥቂት ለውጥ መድረሻውን በእጅጉ ይለውጠዋል። የአየር ጠባይ ትንበያ ከጥቂት ቀናት በላይ ሲሄድ የሚያዳግተውም በተመሳሳይ ምክንያት ነው። ጎበዝ የገበጣ ተጫዋች እጁን ሳያነሣ ሦስትና አራት ዙር አስቀድሞ በዓይኑ ይቆጥራል። ይህም በሒሳብ ክፍል ውስጥ ከምናደርገው የማይተናነስ ሥራ ነው።

ከዚህ የበለጠ የሚያስደንቀው ግን ጨዋታው ወደኋላ መመለስ የሚችል መሆኑ ነው። ከላይ ያበቃንበትን 2፣ 1፣ 1፣ 4 እንውሰድ፤ የመጨረሻዋ ጠጠር በ2ኛው ጉድጓድ እንዳረፈች እናውቃለን። ከዚያ ጀምረን ወደኋላ ከየጉድጓዱ አንዳንድ እያነሣን እንሂድ። ከ2ኛው፣ ከ1ኛው፣ ከ4ኛውና ከ3ኛው አንዳንድ ካነሣን በኋላ ተመልሰን 2ኛው ላይ ስንደርስ ባዶ ሆኖ እናገኘዋለን፤ እዚያ እንቆማለን። በእጃችን ያሉትን 4 ጠጠሮች እዚያው ስናስቀምጥ 1፣ 4፣ 0፣ 3 ሆነ፤ ይኸውም ቀድሞ የነበረው ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የታደለለት ጉድጓድ ሁሉ ቢያንስ አንድ ጠጠር ስላለው፣ ወደኋላ ስንሄድ በመጀመሪያ ባዶ ሆኖ የምናገኘው መነሻው ጉድጓድ ብቻ ነው። እያንዳንዱ ሁኔታ አንድ ወላጅ ብቻ አለው ማለት ነው።

የሁኔታዎቹ ቁጥር ውሱን ሲሆንና እያንዳንዱም አንድ ወላጅና አንድ ልጅ ብቻ ሲኖረው፣ ማደሉ ባያቆም ኖሮ ሁሉም ነገር ዞሮ ወደ ተነሣበት መመለሱ አይቀርም ነበር። በሁለት ጉድጓድና በሁለት ጠጠር ይሞከር፤ ባዶ ጉድጓድ ላይ ማረፍ ተራን አያስቆም እንበል። 1፣ 1 ከዚያም 0፣ 2 ከዚያም እንደገና 1፣ 1 (እጃችን ግን አሁን 2ኛው ላይ ነው) ከዚያም 2፣ 0 ከዚያም ወደ መነሻው 1፣ 1። ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ሄንሪ ፖይንካሬ እ.ኤ.አ. በ1890 ስለ ሜካኒካዊ ሥርዓቶች ያረጋገጠው የተመላላሽነት ሐሳብ ዘመድ ነው። በገበጣ ውስጥ የጊዜን አቅጣጫ የሚያመጣው መብላት ነው። ጠጠር ከሰሌዳው ከወጣ ሰሌዳውን ብቻ በማየት ወደኋላ መመለስ አይቻልም።

ይህ ለውድድር ምን ይጠቅማል? ሁለት ተጫዋቾች «በትክክል አላደልክም» በሚል ቢጣሉ፣ ጠጠር እስካልተበላ ድረስ ዳኛው የመጨረሻዋ ጠጠር ያረፈችበትን ጉድጓድ ይዞ ሁለቱም እስከሚስማሙበት ሁኔታ ወደኋላ ሊያድል ይችላል። ከዚህም ሌላ፣ ሕጉ ቁርጥ ያለ በመሆኑ ጨዋታውን ለመመዝገብ በእያንዳንዱ ተራ የተነሣውን ጉድጓድ ቁጥር ብቻ መጻፍ ይበቃል። የቀረው ሁሉ ከዚያ ይገኛል። የጎ ተጫዋቾች የጥንት ጌቶችን ጨዋታ ከዘመናት በኋላ ጠጠር በጠጠር የሚያጠኑት መዝገብ ስላላቸው ነው። የገበጣ ጌቶቻችን ግን ስማቸውም ሆነ ጨዋታቸው አልተጻፈም። መዝገቡ ለአንድ ጨዋታ ከአንድ መስመር ብዙም የማይበልጥ ሆኖ ሳለ አለመጻፉ በጣም ያስቆጫል።

ሁለተኛው ጉዳይ የመጀመሪያ ተጫዋች ጥቅም ነው። በጎ ጥቁር ጠጠር የያዘው ይጀምራል፤ መጀመርም ጥቅም አለው። ይህን ለማካካስ ለነጭ ተጫዋች ነጥብ ይጨመርለታል። በጃፓን ይህ ጭማሪ 5.5 ነጥብ ነበር፤ ጥቁር ከግማሽ በላይ እያሸነፈ መሆኑ ከብዙ ጨዋታዎች ውጤት ስለታየ እ.ኤ.አ. በ2002 ገደማ ወደ 6.5 ከፍ ተደረገ። ግማሿ ነጥብ አቻ መውጣትን ታስቀራለች። ልብ ይበሉ፤ ይህ ቁጥር ከጥንት የወረደ ሳይሆን በልኬት የተገኘ፣ ልኬቱ ሲሻሻልም የሚለወጥ ነው።

የገበጣ ቤተሰብ በሆኑት ጨዋታዎች ላይ ከልኬት አልፎ ቁርጥ ያለ መልስ የተገኘበት ጊዜ አለ። በምዕራብ አፍሪካ ኦዋሬ የሚባለውን፣ 12 ጉድጓድና 48 ጠጠር ያለውን ጨዋታ፣ በአምስተርዳም የሚሠሩት ጆን ሮማይንና ሄንሪ ባል እ.ኤ.አ. በ2002 ሙሉ በሙሉ በኮምፒዩተር ፈቱት። 144 ፕሮሰሰሮችን አገናኝተው 889 ቢሊዮን ያህል ሁኔታዎችን አሰሉና፣ ሁለቱም ወገኖች ሳይሳሳቱ ከተጫወቱ ውጤቱ አቻ መሆኑን አረጋገጡ። በአንጻሩ ካላህ በተባለውና በተመሳሳይ ቁጥር ጉድጓድና ጠጠር በሚጀመረው ሌላ ዘመድ ጨዋታ ሳይሳሳት የተጫወተ ጀማሪ እንደሚያሸንፍ እ.ኤ.አ. በ2000 ተረጋግጧል። የጉድጓዱና የጠጠሩ ቁጥር አንድ ሆኖ ደንቡ ስለተለየ ብቻ አንዱ ፍትሐዊ፣ ሌላው ለጀማሪው ያደላ ሆነ። ደንብን «ዝርዝር ነገር ነው» ብሎ ማለፍ የማይቻለው ለዚህ ነው።

የሁኔታዎቹን ቁጥር ማስላት ከ12ኛ ክፍል ተማሪ አቅም በላይ አይደለም። 48 ጠጠሮችን በ12 ጉድጓዶችና በአንድ የተበሉ ጠጠሮች ማስቀመጫ ለማከፋፈል ያለው መንገድ ከ60 ነገሮች 12 የመምረጥ ያህል ነው፤ ይኸውም 1,399,358,844,975። ለእያንዳንዱ ሁኔታ አንድ ባይት ብንመድብ 1.4 ቴራባይት ይሆናል። በ2002 የኮምፒዩተር ክምችት ያስፈለገው ሥራ መረጃው ዛሬ በአንድ የኪስ ሃርድ ዲስክ ላይ ይቀመጣል። ባለ 18 ጉድጓዱ ግን ይከብዳል። በየጉድጓዱ 3 ጠጠር ቢገባ፣ 54ቱም ሰሌዳው ላይ ባሉበት ብቻ የሚኖሩት ሁኔታዎች ከ10 ሺሕ ትሪሊዮን ያልፋሉ። ጎን ከወሰድን ደግሞ ጆን ትሮምፕ እ.ኤ.አ. በ2016 ያሰላው የሕጋዊ ሁኔታዎች ቁጥር 171 አሃዞች አሉት። በዚያው ዓመት አልፋጎ የተባለው ፕሮግራም ኮሪያዊውን ሊ ሴዶልን 4 ለ1 ያሸነፈው ይህን ሁሉ ቆጥሮ ሳይሆን ከብዙ ጨዋታ ተምሮ ነው። ስለዚህ ባለ 12 ጉድጓዱ ገበጣ በአንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የመመረቂያ ሥራ ሊደፈር በሚችል መጠን ላይ ይገኛል፤ የትኛው ገበጣ እንደሆነ አስቀድሞ ከተጻፈ። እስከዚያው ድረስ ሁለት ሁለት ጨዋታ አድርጎ ጅማሬውን ማፈራረቅ ፍትሕን ያስገኛል።

ሦስተኛው ጉዳይ ማጣመር ነው። 64 ተጫዋቾች ሁሉም ከሁሉም ጋር ቢገጥሙ 2,016 ጨዋታ ያስፈልጋል። በጥሎ ማለፍ 63 ይበቃል፤ ነገር ግን ሻምፒዮኑን በመጀመሪያው ዙር የገጠመ ብርቱ ተጫዋች ዕጣው ወድቆ ቤቱ ይመለሳል። የዓለም አማተር ጎ ሻምፒዮና የሚጠቀመው እ.ኤ.አ. በ1895 በዙሪክ የቼዝ ውድድር ላይ የታየውን የስዊስ ዘዴ ነው። ማንም አይሰናበትም፤ በየዙሩ እኩል ነጥብ ያላቸው ይጋጠማሉ። አቻ ውጤት ከሌለ ሁሉን ያሸነፉት በየዙሩ በግማሽ ይቀንሱና ከ6 ዙር በኋላ አንድ ሰው ይቀራል። ሻምፒዮናው ሲያደርግ የቆየው 8 ዙር ተጨማሪዎቹን ሁለቱን የሚጠቀምባቸው ከሥር ያሉትን ደረጃዎች ለማጥራት ነው። እኩል ነጥብ ያላቸውን ለመለየት የገጠሟቸው ተጋጣሚዎች ነጥብ ይደመራል፤ ብርቱዎችን ገጥሞ ያንኑ ያህል ያሸነፈ ይበልጣል። ከሸዋ ሮቢት፣ ከአጣዬ፣ ከካራቆሬና ከሰንበቴ አራት አራት ወጣቶች ቢሰባሰቡ 16 ይሆናሉ። 4 ዙር፣ 32 ጨዋታ፤ የአንድ ገበያ ቀን ይበቃዋል። ሁሉም ከሁሉም ቢሉ ግን 120 ጨዋታ ነው።

እስከዚህ ድረስ ሳይንሱ ያግዛል። አስቸጋሪው ከዚህ ይጀምራል፤ ውድድር አንድ ደንብ ይፈልጋል፣ አንድ ደንብ መምረጥ ሌሎቹን ያቀጭጫል። በሰንጠረዥ ላይ የሆነውን ማስታወስ ይገባል። ዛሬ በላቦራቶሪ ሪፖርታችን ላይ ቁጥር የምንደረድርበትን ሣጥን «ሰንጠረዥ» ስንል፣ በቤተ መንግሥትና በመኳንንት ቤት ይዘወተር የነበረውን የኢትዮጵያ ቼዝ ስም መጥራታችን መሆኑን የሚያስተውል ጥቂት ነው። በዚያ ጨዋታ መክፈቻው «ወረራ» ይባል ነበር። አንዱ የሌላውን ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ፣ የሌላውን እጅ በዓይናቸው እየተከታተሉ፣ ሠራዊታቸውን በፈለጉት ፍጥነት ያንቀሳቅሱ ነበር። ፓንክረስት በ1971 ይህንንም ጽፈውታል። ተራ የሌለው መክፈቻ በዓለም አቀፉ ቼዝ ደንብ ውስጥ ቦታ የለውም። ዓለም አቀፉ ደንብ ሲገባ ወረራ ቀረ፤ ዛሬም በሰፊው የሚጫወተው የለም። ጨዋታው መጥፎ ስለነበረ አይመስለኝም፤ የሚጋጠሙበት መድረክ አጥቶ ነው።

የጎ ሰዎች ይህን ችግር በከፊል አምልጠውታል። በቻይናና በጃፓን የነጥብ አቆጣጠር ደንቦች እስከ ዛሬ የተለያዩ ናቸው፤ በቻይናው የነጭ ማካካሻ 7.5 ነው። ውድድር አዘጋጁ በየትኛው ደንብ እንደሚጫወቱ አስቀድሞ ያስታውቃል፤ ሌላው ደንብ ግን በአገሩና በመጽሐፉ ይኖራል። በእኔ አስተያየት ለገበጣም የሚሻለው ይኸው ነው። ለመድረክ አንድ ደንብ ይመረጥ፤ የሸዋ ሮቢቱ፣ የአፋሩ፣ የመንዙ አጨዋወት ግን እንደ «ስሕተት» ሳይቆጠር በስሙ ተጽፎ ይቀመጥ። ያልተጻፈ ደንብ በኮምፒዩተር ሊፈታ ቀርቶ ሊወዳደሩበትም አይቻልም።

ለዕረፍት ወደየአገራችሁ የምትሄዱ ተማሪዎች ይህን በአንድ ከሰዓት በኋላ ልትሠሩት ትችላላችሁ። «ገበጣ እንዴት ነው የምትጫወቱት?» ብሎ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም፤ የሚታወቀው ነገር ለሚያውቀው ሰው አይነገረውምና። ጠጠሩ ወደ ቀኝ ነው ወይስ ወደ ግራ የሚታደለው፤ ብዙ ጠጠር ያለበት ጉድጓድ ሲነሣ ማደሉ ዞሮ መነሻው ላይ ሲደርስ ይዘለላል ወይስ ይታደልለታል፤ የመጨረሻዋ ጠጠር በተቃራኒው ወገን ጉድጓድ ካረፈች ምን ይሆናል፤ ስንት ሲሆን ይበላል፤ አንደኛው ወገን ጠጠር ቢያልቅበት ቀሪው የማን ነው፤ በሁለተኛው ጨዋታስ ያሸነፈው ሰው የተሸናፊውን ጉድጓድ ይወርሳል ወይ? አንድ ተጨማሪ ጥያቄም አለ። በምሥራቅ አፍሪካው ባዎ ማብቂያ የሌለው ተራ ሊገጥም እንደሚችል ተመራማሪዎች አሳይተዋል፤ ከላይ እንዳየነው ማደል ባዶ ጉድጓድ ካላገኘ ዞሮ ዞሮ መነሻው ላይ ይገኛል። እንዲህ ያለ ነገር ቢገጥማቸው ምን እንደሚያደርጉ ሽማግሌዎቹን ጠይቁ። ከመልሶቻቸው ጋር ጉድጓዶቹን በቁጥር ሰይማችሁ ቢያንስ አንድ ሙሉ ጨዋታ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተራ መዝግቡ፤ የመንደሩን ስምና ቀኑንም ጻፉ።